አባት ያልነበራቸው የእባብ ልጆች፦ ኢጾታዊ ርቢ ስለ ጾታ ክሮሞሶም ያስተማረን



 ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ላሳስብ። አንደኛው፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዛሬው ንግግሬ በከፊል ኑዛዜ መሆኑ ነው። ለብዙ ዓመታት በመማሪያ ክፍል ቆሜ ስለ እባቦች ጾታ አጨፋሪ ሳያሻኝ፣ ጥርጥር ሳይገባኝ ያስተማርኩት አንድ ነገር ስሕተት ነበር። እንዴት እንደተሳሳትኩና ምን እንዳረመኝ ለማስረዳት የምችለው አባት ሳይኖራቸው ስለተወለዱ የእባብ ልጆች በመናገር ነው።

በእኛ ዘንድ እፉኝት በወላጆቿ ሞት የምትወለድ ተደርጋ ትታወቃለች። ወንዱ በግንኙነት ጊዜ ይሞታል፤ ልጆቹም የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ ይባላል። ታሪኩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በፊሳልጎስ መጽሐፍም ይገኛል። የታሪኩን መነሻ መገመት አይከብድም። ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል ሲጥሉ፣ እፉኝቶች በአብዛኛው እንቁላሉን በሆዳቸው ይዘው ሕያው ልጆች ይወልዳሉ። ለተመልካች ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ለእንግዳ ነገር ደግሞ ሰው ምክንያት ይፈልግለታል። እናቲቱ ግን ወልዳ በሰላም ትሄዳለች፤ አባትየውም አይሞትም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ አባት ስለሞተበት ልደት ሳይሆን አባት ጨርሶ ስላልነበረበት ልደት ነው።

ኢጾታዊ ርቢ ስንል ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስበው ዕፀዋትን ነው። በእንሰት አምራች አካባቢ ያደጋችሁ፣ ከተቀበረ አንድ አሚቾ ብዙ ችግኞች ሲፈልቁ አይታችኋል፤ እነዚያ ችግኞች ሁሉ የእናታቸው ግልባጮች ናቸው። የእባቡ ነገር ከዚህ ይለያል። በእባብ ዘንድ መነሻው እንቁላል ነው፤ የሚጎድለው የወንዱ ዘር ብቻ ነው። ይህን ዓይነቱን ርቢ ሊቃውንቱ ድንግልን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ተነሥተው ፓርተኖጄኔሲስ ይሉታል። እኔ «ያለ አባት መውለድ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በነፍሳት ዘንድ ነገሩ የቆየ ዕውቀት ነው፤ ድንጉላ ንቦች ካልዳበረ እንቁላል እንደሚፈለፈሉ ያን ጂየርዞን የተባለው የሲሌሲያ ቄስና ንብ አናቢ በ1845 አስታውቋል። የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ዘንድ፣ በተለይም በእባቦች ዘንድ፣ ነገሩን ለማመን ግን ረጅም ጊዜ ወስዶብናል።

በእባቦች ዘንድ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከእስያ ተነሥታ በብዙ ሞቃት አገሮች የተሰራጨች፣ የምድር ትል የምታክል ጭፍን እባብ አለች፤ ኢንዶታይፍሎፕስ ብራሚነስ ትባላለች። ዝርያዋ በሙሉ እንስቶች ናቸው። እያንዳንዷ ሁለት ሳይሆን ሦስት የክሮሞሶም ስብስብ፣ በድምሩ 42 ክሮሞሶም፣ ትይዛለች። በአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ተደብቃ በመርከብ ስለምትጓዝ የአበባ ማሰሮ እባብ የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። አንዲት ብቻ አዲስ አገር ብትደርስ ለዘር ትበቃለች። ወንድ የሚባል ነገር በዘመዶቿ ዘንድ የለምና ለእርሷ ያለ አባት መውለድ ምርጫ አይደለም።

የእኔን ትኩረት የሳበው ሁለተኛው መንገድ ነው። ይኸውም በመደበኛው ጊዜ ከወንድ ጋር ተገናኝታ የምትወልድ ዝርያ አንዳንድ ጊዜ ያለ ወንድ ስትወልድ ነው።

ብቻዋን የኖረች እባብ ወለደች የሚል ወሬ ለአሥርተ ዓመታት ሲሰማ ኖሯል። በ1979 ማግኑሰን የተባለ ተመራማሪ ለ7 ዓመታት ከወንድ ተለይታ የቆየች የውኃ እባብ ሽል መያዟን ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ አንባቢው ሁሉ የያዘው ቀላል መልስ ነበር፤ «ዘር አስቀምጣ ነው» የሚል። መልሱ ሞኝነት አልነበረም። እንስት እባቦች የተቀበሉትን የወንድ ዘር በማሕፀናቸው መስመር ለረጅም ጊዜ ሕያው አድርገው ማቆየት ይችላሉ። በ2011 ዋረን ቡዝና ጎርደን ሹት ያሳተሙት አንድ ጥናት ስለ አንዲት የፍሎሪዳ ራትል እባብ፣ ማለትም ጅራቷን እንደ ጸናጽል ስለምታንኮሻኩሽ መርዛማ እባብ፣ ይናገራል። እባቢቱ ለ5 ዓመታት ብቻዋን ተይዛ ከቆየች በኋላ 19 ጤነኛ ልጆች ወለደች። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ልጆቹ አባት ነበራቸው! የዘሩ ባለቤት ከ5 ዓመት በፊት በጫካ የቀረ ወንድ ነበር። እንግዲህ «ብቻዋን ነበረች» የሚለው ምስክርነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ክርክሩን የፈታው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ልጁ የያዘው የዘር ምልክት ሁሉ ከእናቱ ከተገኘ፣ ከሌላ ወገን የመጣ አንድም ምልክት ከሌለበት፣ አባት የለውም። ሹትና ባልደረቦቹ በ1997 በአንዲት ራትል እባብና በጋርተር እባቦች ላይ ይህን ማስረጃ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ እየረዘመ ሄዷል።

ከእነዚህ የመጀመሪያ ልደቶች ሁለት ነገሮች ተደጋግመው ታዩ። ልጆቹ ጥቂት ነበሩ፤ አብረዋቸው ያላደጉ እንቁላሎችና ሞተው የተወለዱ ሽሎች ይወጡ ነበር። በተጨማሪም ልጆቹ በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ሴት ብቻዋን ወልዳ ልጆቿ ሁሉ ወንድ መሆናቸው ለምን ይሆን? መልሱን ለማግኘት ወደ እንቁላሉ ውስጥ መግባት አለብን። የገለጻዬ ሁሉ መሠረት እዚህ ላይ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

እንቁላል የሚሠራው ህዋስ ሁለት የክሮሞሶም ስብስብ አለው፤ አንዱ ከእባቢቱ እናት፣ ሌላው ከእባቢቱ አባት የመጣ። ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞሶም መንታ ቅጂ ያበጃል። ከዚያም ህዋሱ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ የእናት ወገን የሆነው ወደ አንድ በኩል፣ የአባት ወገን የሆነው ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍፍል ደግሞ መንትያዎቹ ቅጂዎች ይለያያሉ። ምግቡን ሁሉ ወስዶ እንቁላል የሚሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት፣ ፖላር ቦዲ የሚባሉት ደቃቃ ህዋሶች፣ እንደ ገለባ ተጥለው ይጠፋሉ። በመደበኛው ርቢ የጎደለውን ግማሽ የሚሞላው የወንዱ ዘር ነው።

ያለ አባት በሚሆነው ልደት፣ በመጨረሻው ክፍፍል የተለየው ፖላር ቦዲ ሳይጠፋ ተመልሶ ከእንቁላሉ ጋር ይዋሐዳል። ትናንት የተለያዩት መንትያዎች ዛሬ ተገናኙ ማለት ነው። የክሮሞሶሙ ቁጥር ይሞላል፤ ሽሉም ማደግ ይጀምራል። በ2021 በንጉሥ ኮብራ ላይ ሙሉውን የዘር ሰነድ የዳሰሰ ጥናት ይህንኑ አካሄድ የሚደግፍ ማስረጃ አቅርቧል።

ከዚህ ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ልጁ የእናቱ ግልባጭ አይደለም። እናቲቱ በአንድ ዘረ መል ላይ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ቢኖሯት፣ ልጇ በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ፣ ያንኑ ደግሞ በድርብ ይወርሳል። በክፍፍሉ ወቅት ክሮሞሶሞች ቁራጭ ስለሚለዋወጡ ጥቂት ልዩነት ይተርፍ ይሆናል፤ አብዛኛው ግን ይጠፋል። በእናቲቱ ዘንድ በጤነኛው ቅጂ ተሸፍኖ የኖረ ጎጂ ዘረ መል በልጁ ዘንድ ሽፋኑን ያጣል። የሽሎቹ መሞት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከወንድምና ከእኅት ጋብቻ የከፋ የዘር መቀራረብ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ሁለተኛው ውጤት ጾታን ይመለከታል። በእኛ በሰዎች ዘንድ ሴቷ ኤክስ-ኤክስ፣ ወንዱ ኤክስ-ዋይ ነው። በእፉኝቶች፣ በኮብራዎችና በጋርተር እባቦች ዘንድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ወንዱ ዜድ-ዜድ ሲሆን ሁለት ዓይነት ክሮሞሶም የያዘችው ሴቷ ናት፤ ዜድ-ደብልዩ። አሁን ከላይ የነገርኳችሁን ክፍፍል አስቡ። በመጀመሪያው ክፍፍል ዜድና ደብልዩ ተለያይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚዋሐዱት መንትያዎች ስለሆኑ ሽሉ ወይ ዜድ-ዜድ ነው፣ ወይ ደብልዩ-ደብልዩ። እንደ እናቱ ዜድ-ደብልዩ ሊሆን አይችልም። ደብልዩ ደግሞ በእነዚህ እባቦች ዘንድ ብዙ ዘረ መሎቹን ያጣ፣ የኮሰመነ ክሮሞሶም ነው፤ ሁለት ደብልዩ ብቻ ይዞ መኖር አይቻልም። የሚተርፉት ዜድ-ዜዶች፣ ማለትም ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው። ይህ ትምህርት ውብና የተሟላ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ቦአ የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

በ2010 መጨረሻ ላይ ቡዝና ባልደረቦቹ ስለ አንዲት ቦአ ኮንስትሪክተር ጥናት አወጡ። እባቢቱ ቀደም ሲል ከወንድ ጋር ተገናኝታ በመደበኛው መንገድ ወልዳለች። በኋላ ግን ወንዶች አብረዋት እያሉ በሁለት ልደት 22 ልጆች ያለ አባት ወለደች። ቀለማቸው ሁሉ እንደ እናታቸው ብርቅ የሆነው የካራሜል ቀለም ነበር። ይህ ቀለም የሚታየው ከሁለት ወገን ሲወረስ ብቻ ነው። እነዚህ 22 ልጆች በሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ አንድም ወንድ አልነበረባቸውም።

የእኔ ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሱሱሙ ኦኖ የተባለው ታላቅ የክሮሞሶም ሊቅ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የእባቦችን የጾታ ክሮሞሶም እንደ ደረጃ አድርጎ አሳይቶ ነበር። በታችኛው እርከን ቦአዎች አሉ፤ ሁለቱ የጾታ ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይለያዩም። በላይኛው እርከን እፉኝቶች አሉ፤ ደብልዩው አንሶና ተበላሽቶ ይታያል። በመካከል የቀሩት ናቸው። ደብልዩ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚኮሰምን በሕያዋን እንስሳት ተደርድሮ የሚያሳይ፣ ለመምህር እጅግ የተመቸ ሥዕል ነው። እኔም በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥለው ነበር። የ2010ሩ ጥናት ሲወጣ በዚሁ ሥዕል ውስጥ አስገባሁት። የቦአ ደብልዩ ገና አልኮሰመነምና ደብልዩ-ደብልዩ የሆነች ሴት መኖር ትችላለች፤ እነዚያ 22 ሴቶች እንዲህ ያሉ ናቸው አልኩ። የጥናቱ ጸሐፊዎችም ያሉት ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእፉኝቷን ደብልዩ በማይክሮስኮፕ አይተውታል። የቦአዋን ደብልዩ ያየው ማን ነው?» አለችኝ። «አይለያይም እኮ፤ ስለዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም» አልኳት። «እንግዲያው መኖሩ በምን ታወቀ?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ሌሎቹ እባቦች ስላሏቸው ነው» ብዬ መለስኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። ለካ ያልታየን ነገር በዘመዶቹ ምስክርነት ብቻ እንዳለ አድርገን ይዘን፣ እርሱን ለማዳን ሌላ ያልታየ ነገር ጨምረንበት ነበር።

ጥያቄዋን በሌላ መልክ ላቅርበው። ቦአዋ እንደ ሰው ኤክስ-ኤክስ ብትሆንስ? ያን ጊዜ በመጀመሪያው ክፍፍል የሚለያዩት ሁለቱም ኤክስ ናቸው፤ መንትያዎቹ ሲዋሐዱም ሁልጊዜ የሚገኘው ኤክስ-ኤክስ ነው። ልጆቹ በሙሉ ሴቶች ይሆናሉ። ተአምረኛ ደብልዩ-ደብልዩ አያስፈልግም። ሁለቱን ግምቶች በፈተና መለየትም ይቻላል። ያለ አባት የተወለደችው ሴት ደብልዩ-ደብልዩ ከሆነች፣ ከመደበኛ ወንድ ጋር ስትገናኝ ሴቶች ብቻ ትወልዳለች፤ ኤክስ-ኤክስ ከሆነች ግን ወንድም ሴትም ትወልዳለች።

ከዘንዶዎች ወገንም ተመሳሳይ ዜና መጣ። በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል የአራዊት ማቆያ ቴልማ የተባለች የ11 ዓመት ዘንዶ ትኖር ነበር። አብራት የምትኖረው ሉዊዝ የተባለች ሌላ ሴት ብቻ ነበረች። ስሞቹ ከፊልም የተወሰዱ መሆናቸውን በዕድሜ ጠና ያላችሁት ታውቃላችሁ። በ2012 ክረምት ቴልማ 61 እንቁላል ጣለች። እንዲህ ያለ እንቁላል መካን ነው ተብሎ መጣል የተለመደ ነው። ጠባቂዎቹ ግን አንዳንዶቹ ጤነኛ መምሰላቸውን አይተው አቆዩአቸው፤ 6 ልጆች ተፈለፈሉ። በ2014 የወጣው የዲኤንኤ ምርመራ አባት እንደሌላቸው አረጋገጠ። ስድስቱም ሴቶች ነበሩ።

በ2016 ቡዝና ሹት የተሰበሰበውን ማስረጃ ሁሉ ሲዘረዝሩ መስመሩ ጎልቶ ወጣ። እፉኝቶችና ዘመዶቻቸው ያለ አባት ሲወልዱ ወንዶች ብቻ፣ ቦአዎችና ዘንዶዎች ሲወልዱ ሴቶች ብቻ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ ቶኒ ጋምብልና ባልደረቦቹ ጉዳዩን ፈቱት። ዘዴያቸው ለመግለጽ ቀላል ነው። ከብዙ ወንዶችና ከብዙ ሴቶች የዲኤንኤ ቁራጮችን አንብበው፣ በአንዱ ጾታ ብቻ የሚገኙትን ለዩ። እባቢቱ ዜድ-ደብልዩ ከሆነች በሴቶች ብቻ የሚገኙ ቁራጮች መታየት ነበረባቸው። የተገኙት ግን በወንዶች ብቻ የሚገኙ ቁራጮች ናቸው። ቦአም በርማዊው ዘንዶም ኤክስ-ዋይ ናቸው፤ ያውም ሁለቱ ወገኖች ለየብቻቸው ያበጁት። ያ የምወደው ደረጃ የታችኛው እርከኑ ፈረሰ። ከ1967 ጀምሮ ለ50 ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲሣል የኖረ ሥዕል ነው። በማግሥቱ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው፤ ጠያቂዋ ግን ተመርቃ ሄዳ ነበር። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለች ምስጋናዬ ይድረሳት።

«ይህ ሁሉ በሳጥን ውስጥ የታሰረ እንስሳ ነገር ነው፤ በዱር ምን ፋይዳ አለው?» የሚለኝ ባልደረባ አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2012 የወጣ ጥናት ኮፐርሄድና ኮተንማውዝ የተባሉ የሰሜን አሜሪካ እፉኝቶችን ከነእርግዝናቸው ከዱር አምጥቶ ሲወልዱ ተከታተለ። ከ22 የኮፐርሄድ ልደቶች አንዱ፣ ከ37 የኮተንማውዝ ልደቶችም አንዱ ያለ አባት ነበሩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ እናቶች የኖሩት ወንዶች በሚገኙበት ስፍራ ነው። ስለዚህ «ወንድ ስታጣ የምታደርገው የጭንቅ መፍትሔ ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል እኔ አልቀበለውም። ቦአዋም ወንዶች አጠገቧ ነበሩ። ከጭንቅ መፍትሔ ይልቅ፣ በእንቁላል አሠራር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚደርስ፣ አንዳንዴ ሕያው ልጅ የሚያተርፍ ክስተት ይመስለኛል።

ለምን እኛ አጥቢዎች እንዲህ አንወልድም ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። በእኛ ዘንድ አንዳንድ ዘረ መሎች ከእናት ሲመጡ ይዘጋሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከአባት ሲመጡ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ የሁለቱም ወገን ቅጂ የግድ ያስፈልጋል። በ2004 ቶሞሂሮ ኮኖ በጃፓን ከሁለት እናቶች አንዲት አይጥ ማስወለድ የቻለው ይህን መቆለፊያ በዘረ መል ምሕንድስና ከለወጠ በኋላ ነው። በእባቦች ዘንድ እንዲህ ያለ መቆለፊያ አልታየም።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2016 በባሌ ከሐረና ደን ለሳይንስ አዲስ የሆነች እፉኝት ተገልጻለች፤ ስሟም በደኑ ተሰይሟል። የቅርብ ዘመዷ የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝትም የአገራችን ብቻ ናት። እነዚህ በጠባብ ስፍራ ተወስነው የሚኖሩ እንስሳት ናቸው፤ ደኑ ሲቆራረጥ እንስቷና ወንዱ መገናኘት ይሳናቸዋል። ያለ አባት መውለድ ያድናቸዋል ብላችሁ አትጽናኑ። እንደ እፉኝትነታቸው የሚወልዱት ወንዶችን ብቻ ነው፤ የዘር ልዩነታቸውም በአንድ ትውልድ ይመናመናል። ነጠላ እንስት አዲስ መንጋ ልትጀምር የምትችለው ወንድ ልጇ አድጎ ከእርሷ ጋር ከተገናኘ ብቻ ነው፤ ይህም እንዴት ያለ ደካማ መሠረት እንደሚሆን ከላይ ካልኩት ትረዳላችሁ።

ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። የያዛችኋት እባብ ስትወልድ ሕያዋኑን ብቻ ቆጥራችሁ የሞቱትንና ያላደጉትን እንቁላሎች አትጣሉ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ሥጋ፣ ከእናቲቱም አንድ ቅርፊት ቆርጣችሁ በንጹሕ አልኮል አስቀምጡ። የእነዚህ ልደቶች ማስረጃ በአብዛኛው የሚጠፋው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው።

ከጥያቄዎቻችሁ በፊት ያልተፈታ አንድ ጉዳይ ላንሣ፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ ይይዘው ይሆናል። በአምስተርዳም አርቲስ የአራዊት ማቆያ ከወንድ ተለይታ የኖረች በርማዊ ዘንዶ ለተከታታይ ዓመታት ሽል ያለባቸው እንቁላሎች ጥላ ነበር። በ2003 የታተመው ምርመራ ሽሎቹ ከእናታቸው ጋር በዘር አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳየ። የመንትያዎች ውሕደት ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ ልዩነትን ያጠፋልና። ሌሎች ዘንዶዎች ላይ በኋላ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ወደ ውሕደቱ ያመለክታል። ወይ ያቺ ዘንዶ በሌላ መንገድ ሄዳለች፣ ወይ የዚያን ጊዜው መሣሪያ ልዩነቱን ሳያይ ቀርቷል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ግን ቀደም ሲልም በሙሉ ልብ አድልቼ እንደነበር ነግሬአችኋለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ከኋላ ወንበር እንጀምር።